ባጃጅ ላይ ላይሳፈር የማለ ሽማግሌ

እልህ መጥፎ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አደራችሁን፣ ወደ እኔ ላኩት። ቤቴ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ነው። «ብስክሌት ያለው ሰውዬ» ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ያሳያችኋል። ድሮ እኮ እዚህ ከተማ «ብስክሌት ያለው ሰውዬ» ማለት «አፍንጫ ያለው ሰውዬ» እንደማለት ነበር። አስተማሪው በብስክሌት፣ ነርሷ በብስክሌት፣ ወንጌላዊው መጽሐፍ ቅዱሱን ከኋላ አስሮ በብስክሌት። መንገዳችን ሜዳ ነው፤ ዳገት ያማረው ሰው ታቦር ተራራ ድረስ ሄዶ መፈለግ አለበት። ባጃጅ የሚባለው ባለሦስት እግር ጉድ ከመጣ በኋላ ግን ሰዉ ሁሉ እግሩን አልጋው ላይ ትቶ የወጣ ይመስል ለሁለት ቤት መንገድ ባጃጅ ያስቆም ጀመር። እኔም ሳላስበው የሰፈር ምልክት ሆኜ ቀረሁ።

ከመጀመሪያው እንግባባ። እኔ ለአካባቢ ጥበቃ ብዬ ብስክሌት የምነዳ ሰው አይደለሁም። እንዲያ ብለው የሚያሞግሱኝ አሉ፤ ተሳስተዋል። አካባቢ ጥበቃማ በስብሰባ ተምሬዋለሁ። ያን ጊዜ ቀበሌያችን ስብሰባ የማይጠራበት ሳምንት አልነበረም፤ ስለ ወባ፣ ስለ ግብር፣ ስለ መልካም አስተዳደር፣ ስላለፈው ስብሰባ አፈጻጸም። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ባለሙያ መጥታ መሬት እየሞቀች ነው አለችን። እኛ ቆርቆሮው ሥር ተፋፍገን በላብ ስለተነከርን የተከራከራት የለም። በሥዕል ልታሳየን መሣሪያዋን ስትሰካ መብራት ጠፋ፤ በቃሏ ስለ ካርቦን ማስረዳት ጀመረች። እኔ የማውቀው ካርቦን በሁለት ወረቀት መሐል ገብቶ እጅ የሚያቆሽሸውን ነበር። እሱ ሰማይ ድረስ መውጣቱን ስሰማ ትንሽ ገረመኝና እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሰው እያጨበጨበ ነው፤ እኔም አጨበጨብኩ። ለስላሳችንን ጠጥተን ስንወጣ ግንዛቤ ጨብጣችኋል ተባልን።

ግንዛቤዬን ጨብጬ ቤቴ እንደገባሁ ብስክሌቴን ለመሸጥ ወሰንኩ። ጉልበቴን ያመኛል። ፍሬኑ ሲያዝ ያለቅሳል። ባለቤቴም «ለጡረታ ምንም አልቀረህም፣ በዚህ ዕድሜህ እሱ ላይ ምን ያንጠለጥልሃል?» እያለች ቁም ስቅሌን አሳይታኛለች። ገዢም ተገኘ። ሰኞ መጥቶ ሊወስደው ተቀጣጠርን፤ እኔም ቅዳሜ ጠዋት ለስንብት ያህል ልንዳው ብዬ ወጣሁ። ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚህች ቅዳሜ ነው።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ኩሬ በኩሬ ሆኗል። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እያምባረቀ፣ ጭሱን እየተፋ ከኋላዬ መጣና ትልቁን ኩሬ መርጦ ገባበት። ጭቃው ከባርኔጣዬ እስከ ካልሲዬ አለበሰኝ። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ አንገቱን አወጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብዬ «ግድ የለም» ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር።

«አባባ፣ ይቺን ብረት ለቆራሌው ይስጧትና እንደ ሰው ይሳፈሩ» አለኝ።

ስድቡን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ከኋላ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ሳቅ ነው። ከሆድ የሚነሳ፣ ረዥም፣ መሐል ላይ ትንፋሽ ወስዶ እንደገና የሚጀምር ሳቅ። ባጃጁ ከዓይኔ ከጠፋ በኋላ እንኳ ይሰማኝ ነበር። ሳቂውን ደግሞ አወቅኳቸው፤ አቶ ማቴዎስ ናቸው። ድሮ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ በኋላ እህሉን እርግፍ አድርገው ትተው ገንዘባቸውን ሁሉ ባጃጅ ላይ አዋሉት። በሰፈራችን ከሚርመሰመሱት ባጃጆች አብዛኞቹ የእሳቸው ናቸው።

ደሜ ፈላ። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያየኛል። ጭቃ እያንጠባጠብኩ መንገዱ መሐል ቆምኩና አፌን ሞልቼ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ባጃጅ ውስጥ ብገባ የአባቴ ልጅ አይደለሁም» አልኩ። ባልናገረው ይሻል ነበር፤ ግን ተናገርኩት፤ ሰውም ሰማኝ። ሰኞ ገዢው ሲመጣ ከደጅ መለስኩት። ባለቤቴ ምን ነካህ አለችኝ። «እልህ» አልኳት። ሌላ የምጨምረው ምክንያት አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች። በዝናብ ነዳሁ፣ በፀሐይ ነዳሁ። ጎማዬ ሲፈነዳ ብስክሌቱን ተሸክሜ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ወባ ይዞኝ እየተንቀጠቀጥኩ እንኳ ጤና ጣቢያ የደረስኩት በብስክሌት ነው፤ ባለቤቴ ከጎኔ እየሮጠች፣ በአንድ እጇ እየደገፈችኝ፣ በአንድ ትንፋሽ እየሰደበችኝ። ባጃጅ ሹፌሮች አጠገቤ ሲደርሱ ቀስ ብለው «አባባ፣ ግቡ፣ በነጻ ነው» ይሉኛል። ያን ቀን በነጻ ቀርቶ አስፋልቱን በስሜ ቢያደርጉልኝ አልገባም ነበር።

ይህን ስናገር አንዳንዱ በንዴት የተሠራ ሥራ ምን ሥራ ነው ይለኛል። እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከሱቃቸው ፊት ያለው ቦይ ለዓመታት በቆሻሻ ተደፍኖ ሲሸተን ኖረ። ቀበሌው መከራቸው፤ አስጠነቀቃቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ደጁን ጠርጎ አበባ ተከለና ደንበኛ ወደዚያ መሻገር ጀመረ። ጋሽ ሸምሱ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በገዛ እጃቸው ቦዩን ጠርገው፣ አበባ ብቻ ሳይሆን የሎሚ ችግኝ ሁሉ ተከሉ። ቅናት ነው። አሁን ማታ ማታ አረም እየነቀሉ «እኔ በተፈጥሮዬ ንጽሕና እወዳለሁ» ይሉኛል።

ባለቤቴም እንደዚያው ናት። ስለ ፌስታል ስንት ስብሰባ ተቀምጣለች፤ ሁልጊዜ ግን ከገበያ ፌስታል በፌስታል ሆና ነው የምትመለሰው። አንድ ቀን አሞራ ገደል ዓሣ ልትገዛ ሄደች። እዚያ የዓሣ አንጀት ሲጣል የሚጠብቀውን ያን ራሰ በራ አሞራ፣ አባ ኮዳን፣ ታውቁታላችሁ። አንዱ አሞራ ጥቁር ፌስታል ከነዓሣው ልዋጥ ብሎ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ምንቃሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ትን ብሎት እንደ ሰው ያስላል። እሷ ደግሞ አጠገቡ በእጇ ልክ እንደዚያው ያለ ጥቁር ፌስታል ይዛለች። ዓሣውን እዚያው መልሳ ባዶ እጇን መጣች። አንጀቷን በልቷት ቀኑን ሙሉ ምግብ አልቀመሰችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘንቢሏን ሳትይዝ ከቤት አትወጣም፤ ፌስታል የሚዘረጋላትን ነጋዴም ልጇን እንደነካባት ሰው ነው የምታየው።

ያቺ ባለሙያ በዓመቱ ስትመለስ ቀበሌው አርአያ ነው ብሎ እኔን አቀረበላት። ምን እንዳነሳሳኝ ጠየቀችኝ፤ «እልህ» አልኳት። ፈገግ ብላ «ግንዛቤ ብለን እንያዘው» አለች። «አትያዢው፤ እኔ ያኔ ተኝቼ ነበር» አልኳት። አዳራሹ ሳቀ። እሷ ግን ግንዛቤ ብላ ያዘችው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ተመስገን የሚባል የእህቴ ልጅ አለኝ። እህቴ ስታርፍ ገና በእቅፍ ነበር፤ እኔና ባለቤቴ አሳደግነው። ትምህርት ቤት ያመላለስኩት በዚሁ ብስክሌት ከኋላ አስቀምጬ ነው። ጠዋት ጠዋት እንቅልፉን ስላልጨረሰ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ይተኛ ነበር፤ እኔም እንዳይነቃ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርኩ እነዳለሁ። ልጁ ጎበዝ ወጣለት፤ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ማታ ራት ላይ እጁን ሲያፍተለትል ቆይቶ ላገባ ነው አለን። ባለቤቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«የማን ልጅ ናት?» አልኩት።

«ሰላማዊት ትባላለች። የአቶ ማቴዎስ ልጅ ናት» አለ፣ ዓይኑን ወጡ ላይ ተክሎ።

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለስኩት። ባለቤቴ ግን እልልታዋን አልመለሰችም።

እምቢ ልለው አልቻልኩም፤ ልጁ የወደዳት ከልቡ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ሲላክ እኔ ያ ወባ ጥሎኝ ስለነበር ጋሽ ሸምሱና ጡረታ የወጡት አስተማሪ ጋሽ ወልዴ ሁለቱ ሄዱ። አቶ ማቴዎስ በክብር ተቀብለው፣ «ልጁ ጨዋ ነው፤ አይቼዋለሁ። ግን ያሳደገውን ሰው በዓይኔ ሳላይ መልስ አልሰጥም» ብለው ለእሑድ ከሰዓት ቀጠሩ። ስለዚህ የልጄ ትዳር በእኔ አንገት ላይ ተንጠለጠለ። በዚያ ላይ ሽማግሎቹን ቤታቸው ድረስ የሚያመጣ ባጃጅ እልካለሁ አሉ። የክብር ባጃጅ መሆኑ ነው፤ ካልተሳፈሩበት ንቀት ነው።

ተመስገን ቅዳሜ ማታ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ብቻ» አለኝ።

«ለአንተ ስል ነፍሴን እሰጣለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ግን አልገባም።»

«ነፍስህን ምን ያደርጓታል?»

«እሺ በእግርህ ሂድ» አለች ባለቤቴ። እውነትም በእግር መሄድ ይቻል ነበር። ግን በእግሬ ብሄድ ብስክሌቴን ያፈርኩባት አይመስልም? እንዲያ ብዬ ስመልስላት ወደ ጣራው አንጋጠጠች።

ደግሞ የክት ጋቢዬን አይጥ በልቶት ነበርና ጋሽ ሸምሱ የራሳቸውን አዋሱኝ። ለልጃቸው ሰርግ ያሠሩት፣ ጥበቡ ዓይን የሚይዝ ጋቢ ነው። ሲሰጡኝ ልጁን ለሞግዚት እንደሚሰጥ ሰው ነበር የሚያስጠነቅቁኝ፤ እንዳይነካብህ፣ እንዳትደገፍበት፣ ወጥ ሲቀርብ ወደ ኋላ ጣል አድርገው።

እሑድ ባጃጁ መጣ። ሁለቱ ሽማግሎች ገቡ፤ እኔ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ወልዴ ባጃጁን ከጎኔ አስነድተው አንገታቸውን አወጡና፣ «ግባ፣ ይብቃህ። ለመሐላው እግዜር ይቅር ይልሃል» አሉኝ።

«እሱ ይለኝ ይሆናል፤ እኔ ነኝ ራሴን ይቅር የማልለው» አልኳቸው።

በሌላው በኩል ደግሞ ጋሽ ሸምሱ ብቅ ብለው «ጋቢውን ሰብስበው» ይላሉ። እሳቸው መንገዱን ሙሉ ያዩት እኔን ሳይሆን ጋቢያቸውን ነው።

ባጃጁ ጥሎኝ ሄደ። ሽማግሌ አርፍዶ መድረሱ ነውር ነውና እኔም በኃይል ረገጥኩ። ነፋሱ ጋቢዬን ነፋው፤ ጃንጥላ ሆንኩ። የአቶ ማቴዎስ ግቢ በር ሲታየኝ፣ ሁለቱ ሽማግሎች ከባጃጁ ወርደው ልብሳቸውን ሲያስተካክሉ ሲታዩኝ፣ የጋቢው ጫፍ ሰንሰለቱ ውስጥ ገባ። ብስክሌቱ ቆመ። እኔ አልቆምኩም። የአቶ ማቴዎስን በር ያንኳኳሁት በግንባሬ ነው፤ በሩም ገርበብ ብሎ ስለነበር እኔና ብስክሌቱ ተያይዘን ግቢው ውስጥ ገባን።

ሁለቱ ሽማግሎች እየሮጡ መጡ። ጋሽ ወልዴ «ተጎዳህ?» አሉኝ። ጋሽ ሸምሱ «ተቀደደ?» አሉ። አልተቀደደም፤ ግን ሰንሰለቱና ጥርሱ መሐል ተጠቅጥቆ፣ በግራሶ ተለውሶ፣ አልላቀቅ አለ። ጋሽ ወልዴ መቀስ እንጠይቅ ሲሉ ጋሽ ሸምሱ ክንዳቸውን ይዘው፣ «ይህ ጋቢ ከሚቆረጥ ልጁ ወንደላጤ ይኑር» አሏቸው።

«እሺ አውልቀውና እዚሁ ከብስክሌቱ ጋር ተወው።»

ይህ ብልህ ሐሳብ ነበር። ችግሩ፣ ስወድቅ ሱሪዬ ከኋላ ከወገቤ እስከ ጭኔ ተተርትሯል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጋቢው ጌጤ መሆኑ ቀርቶ ገመናዬን የሸፈነልኝ እሱ ብቻ ነው። ለሁለቱ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ጋሽ ወልዴ ለረዥም ጊዜ ሰማይ ሰማይ አዩ።

ስለዚህ ሦስት ሽማግሌና አንድ ብስክሌት ሆነን ሳሎን ገባን። አቶ ማቴዎስ ከዘመዶቻቸው ጋር ተሰይመዋል፤ ሴቶቹ በመጋረጃው በኩል ያያሉ። «ቁጭ በሉ» አሉን። ጋሽ ወልዴ በወጉ መሠረት፣ «የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ። እኔማ ብፈልግስ የት እቀመጣለሁ፤ መሪውን ይዤ ቆሜያለሁ፤ የኋላው ጎማ ምንጣፉ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል።

አቶ ማቴዎስ እኔን አዩ፤ ብስክሌቱን አዩ። ያ ሳቅ ከሆዳቸው ሲነሳ አየሁት። በእጃቸው አፋቸውን ያዙና፣ «ባጃጅ ልኬ ነበር፤ አልደረሰም?» አሉ።

ጋሽ ወልዴ ቀደሙኝ። «ደርሷል፤ ሞልቶ ነው» አሉ።

«ሁለት ሰው ይዞ ሞላ?»

 ጋሽ ወልዴ በዓይናቸው ዝም በል ይሉኛል። እኔ ግን ጋቢ በሱሪ ፈንታ፣ ብስክሌት በጓደኛ ፈንታ ይዤ ቆሜ የምደብቀው ክብር አልታየኝም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅዳሜዋን፣ ኩሬውን፣ ቆራሌውን፣ ሳቁን፣ መሐላዬን፣ ወባዬን። ስጨርስ ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ሴት «ወይኔ» ስትል ተሰማ።

«በእኔ ሳቅ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ በዚህ ብስክሌት ላይ የቆዩት?» አሉ አቶ ማቴዎስ።

«በእርስዎ ሳቅ።»

«ወባ ይዞዎት ጭምር?»

«ወባ ይዞኝ ጭምር።»

ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ በሰው ሁሉ እስቃለሁ፤ አመሌ ነው። ግን የሳቅኩበትን ቂም ቋጥሮ የሚኖር ዘመድ አልፈልግም። ዛሬ ሲመለሱ በባጃጄ ይመለሱ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ። ካልሆነ እንደመጣችሁ ሂዱ» አሉ።

ጋሽ ሸምሱ በክርናቸው ጎሸሙኝ። ተመስገን ቤት ሆኖ ስልኩን እየነካካ እንደሚጠብቀን አሰብኩ። ያ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ የሚተኛው ልጅ ታየኝ። ልጁን ከምድር ላይ ካለ መሐላ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። «እሺ» ልል ነው አፌን የከፈትኩት፤ በእውነት።

«አልገባም» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ግን ከጀመርኩ ወዲያ ማን ያቆመኛል። «ቂም አይደለም፤ ቂም ቢሆን ደጅዎን አልረግጥም ነበር። ያሳደገውን ሰው ልይ ብለዋል፤ ይኸው ነኝ። ዛሬ ለልጄ ብዬ ቃሌን ባጥፍ፣ ነገ ልጅዎን እንደ ልጄ አያታለሁ ስልዎት ምን ብለው ያምኑኛል? ባጃጅዎ ምንም አይለኝም፤ ያጨሳል እንጂ። ግን እኔ በእርስዎ ባጃጅ ከምሳፈር እርስዎ በእኔ ብስክሌት ቢሳፈሩ ይቀላል።»

የመጨረሻውን አስቤ አልተናገርኩትም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ማቴዎስ እኮ ሲቀመጡ ሶፋው የሚያቃስት ሰው ናቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ብድግ አሉ።

«እስከ የት?»

«እስከ… አደባባዩ» አልኩ። ምላሴ የእኔ አልነበረም።

«መሐል ላይ እግርዎ መሬት ቢነካ?»

«ሁለቱም ልጆች በየቤታቸው ይቅሩ።»

ጋሽ ወልዴ «ጌታ ሆይ» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። የቤቱ ወይዘሮ ከመጋረጃው ወጥታ ሱሪዬን የማያይዝበት መርፌ ቁልፍ ሰጠችኝ፤ ገመናዬን አይታለች ማለት ነው። ጋሽ ሸምሱ ተንበርክከው ፔዳሉን ወደ ኋላ ቀስ እያሉ አዙረው ጋቢያቸውን ከሰንሰለቱ አወጡ። ጥበቡ ላይ ጥቁር የግራሶ መስመር ተጋድሟል። አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት።

ደጅ ስንወጣ አቶ ማቴዎስ ሙሉ ሱፋቸውን እንደለበሱ ከኋላ ተቀመጡ። የፊቱ ጎማ ተነሳ። ሁለት ዘመዶቻቸው መሪውን ጫን አደረጉልኝ፤ ገፋ አደረጉንና ለቀቁን። ወዲያና ወዲህ ተወዛወዝን። ጉልበቴ ሲንቋቋ ይሰማኛል። አቶ ማቴዎስ ወገቤን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ይዘው «ወድቀን እንዳናልቅ» ይላሉ። ደጅ የነበሩት ባጃጆች ባለቤታቸውን ብስክሌት ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ሞተራቸውን አስነስተው ተከተሉን። የሌሎች ባጃጆችም ተጨመሩ። ጡሩምባው ቀለጠ። ከየግቢው የወጡ ሴቶች ሰርግ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት።

አደባባዩ እየታየን አንድ የፈረስ ጋሪ ከጎን ወጥቶ ፊታችን ተገተረ። ፍሬን ብይዝ እንቆማለን፤ ከቆምን እግሬ መሬት ይነካል። «ያዙኝ» አልኳቸውና በፈረሱ አፍንጫ ሥር ታጥፌ አለፍኩ። የፈረሱ ትንፋሽ ጆሮዬን አሞቀው። ከኋላ ያሉት ባጃጆች ጋሪው ጋ ተሰባስበው ቆሙ። አደባባዩ ደረስን። ዓይኔ ጨልሟል፤ ላብ አፌ ውስጥ ይገባል።

«ደረስን» አልኩ፣ ቀስ ብዬ እየዞርኩ። «ይውረዱ።»

አልወረዱም።  ሁለተኛ ዞርኩ።

«እኔ ሐዋሳ የገባሁት በሰው ብስክሌት ኋላ ተቀምጬ ነው» አሉ በጆሮዬ። ድምፃቸው የዚያ ሳቂታ ሰውዬ ድምፅ አይደለም። «ከገጠር ስመጣ፣ አንዲት ኬሻ እህል ታቅፌ። አንድ የማላውቀው ሰው ደክሞኝ መንገድ ላይ አገኘኝና ጫነኝ። ሐይቁ ዳር አወረደኝ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ።» ቀጥለውም፣ «ወደ ሐይቁ ይንዱ» አሉኝ።

«ልጅቷስ?» አልኩ፣ በተረፈችኝ ትንፋሽ።

«ሰጥቻለሁ። ይንዱ እንጂ።»

ያኔ እግሬን መሬት ባደርስ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ተመስገኔ ሚስቱን አግኝቷል። ሰውነቴ ሁሉ ውረድ ውረድ ይለኛል። ግን ከኋላችን ጋሪውን አልፈው የመጡት ባጃጆች ደርሰዋል፤ ሹፌሮቹ አንገታቸውን አውጥተው መቼ ይወድቃል ብለው እግሬን እግሬን ያያሉ። ረገጥኩ። በዛፎቹ ጥላ ሥር ሐይቁ ዳር እስካለው የድንጋይ ግድብ ድረስ ረገጥኩ።

አቶ ማቴዎስ ወርደው ሱፋቸው ሳያሳስባቸው ግድቡ ላይ ተቀመጡ። እኔ ብስክሌቱን ተደግፌ ቆምኩ፤ ብቀመጥ የምነሳ አልመሰለኝም። ባጃጆቹ አንድ በአንድ እየደረሱ ሞተራቸውን አጠፉ። ጭሱ ቀስ እያለ ሄደ፤ ውሃው ድንጋዩን ሲልስ ተሰማ። አቶ ማቴዎስ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። አንደኛው ሹፌር ወርዶ የባጃጁን የኋላ መቀመጫ በእጁ እያራገፈ፣ «ጌታዬ፣ ይግቡ፣ ልመልስዎት» አላቸው።

እሳቸው ዞር ብለው እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ሹፌሩን።

«እናንተ ሂዱ» አሉ። «እኔ ከአማቼ ጋር በመጣሁበት እመለሳለሁ።»

ሹፌሮቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።  መሪውን ያዝኩና «ይቀመጡ» አልኳቸው።